የሕፃናትን ሕማም በጨዋታ ስለ ማቅለል
በከፋ፣ በሺሺንዳ የተደረገ ዲስኩር



 ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ ሲነሣ የማይሰማ፣ ነገር ግን ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ በቤቱ የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም ሕፃን ልጅ ክትባት በሚወጋበት፣ ጣቱ ለወባ ምርመራ በሚደማበት፣ የእሳት ቁስሉ በሚታጠብበት ወይም የተሰበረ ክንዱ በጄሶ በሚታሰርበት ሰዓት፣ ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር በመመለስና ልቡን በጨዋታ በመያዝ ሕማሙንና ፍርሃቱን ስለ ማቅለል ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየን ሕማሙን የሚቀበለው ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ነው።

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ከተመሠረተ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መሠማራት ከጀመሩ በኋላ፣ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና የልጅነት ልምሻ እንደ ቀድሞው ቤት እንዳይዘጉ የሚያደርግ ጋሻ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእጃችን ገብቷል። በዚህ ሥርዓት መሠረት በሺሺንዳ የሚወለድ ሕፃን ገና እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ በክንዱ ላይ ይወጋል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አንደኛው ጭኑ አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው፣ ሁለተኛው ጭኑ ደግሞ የሳንባ ምችን በሚከላከለው ክትባት ይወጋል፤ በ14ኛው ሳምንት የልምሻው መርፌ ይጨመርበታል፤ በ9 ወሩና በ15 ወሩ የኩፍኙ ተራ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲደማመር ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን የተወጋቸው መርፌዎች ከ10 አያንሱም ማለት ነው። በቆላው ቀበሌ ወባ በተነሣ ቁጥር ጣትን መወጋት አለ፤ ምድጃችን መሬት ላይ ስለ ሆነ ከፈላ ውኃና ከጀበና የሚመጣ ቃጠሎ አለ፤ ከዛፍ ወድቆ መሰበር አለ። ጤና ኬላው ያልቻለውን ጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ያልቻለውን ቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይቀበላል፤ የባሰ እንደ ሆነም ጅማ ድረስ ይላካል። በዚህ ጉዞ ሁሉ ልጁ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር አስቀድሞ የሚመጣበት የፊተኛው ቀን ትዝታ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች እንዴት እንዳሳለፋቸው ልናስብበት ይገባል።

«ሕፃን ምን ያውቃል? አልቅሶ ይረሳዋል» የሚል ሰው አለ። ይህን የሚል ሰው ብቻውን አይደለም፤ በሕክምና ጥበብ ከእኛ እጅግ ገፍተው የሄዱት አገሮች ሐኪሞች ሳይቀሩ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የጨቅላ ሕፃን ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕማም በእውነት አይሰማውም ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ብዙ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ፣ ሰውነታቸው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ መድኃኒት ብቻ እየተሰጣቸው በቀዶ ሕክምና ውስጥ ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ያለ ጊዜው የተወለደ ጄፍሪ ላውሰን የተባለ ሕፃን ልቡ አጠገብ ያለ የደም ሥር ለመዝጋት በዚህ ዓይነት ተቀዶ ከሳምንታት በኋላ በሞተ ጊዜ፣ እናቱ የሆነውን መርምራ ካወቀች በኋላ ዝም ሳትል ለሕዝብ አሰማች፤ የብዙ ሰውም ልብ ተነካ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አናንድና ባልደረቦቻቸው ማደንዘዣ በሚገባ የተሰጣቸው ጨቅላ ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ ሰውነታቸው አነስተኛ መታወክ እንደሚደርስበትና ከቀዶው በኋላም በተሻለ ሁኔታ እንደሚያገግሙ ገለጹ። ያንጊዜ የአንዲት እናት ጩኸትና የሐኪሞች ምርመራ ተጋግዘው የቆየውን ስሕተት ማፍረስ ጀመሩ።

«ይረሳዋል» ስለሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ አገር በቶሮንቶ አና ታዲዮ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት አለ። በጥናቱ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ሆኗቸው ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት አብልጠው ያለቀሱና ፊታቸውም አብልጦ የተጨማደደ ሲሆን፣ ከመገረዛቸው በፊት የሚያደነዝዝ ቅባት የተቀቡት ግን በመካከሉ ሆነው ተገኙ። ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን መግረዝ ጥንታዊ ሥርዓታችን በሆነባት በኢትዮጵያ ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ይመለከተናል። ሕፃኑ በቃል የማይናገረውን፣ አድጎም በትዝታ የማያገኘውን ሕማም ሥጋው ለወራት ይዞት ይቆያል።

እንግዲህ ሕማሙ እውነት ከሆነ ጨዋታ ምን ሊያደርግለት ይችላል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ትምህርት መሠረት፣ ሕማም ከቁስሉ ተነሥቶ ሳይቀነስና ሳይጨመር አእምሮ የሚደርስ ተራ መልእክት አይደለም፤ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክቱን አንዳንዴ በስፋት የሚያሳልፍ፣ አንዳንዴ የሚያጠብብ በር መሰል ሥርዓት አለ፤ ይህንንም በር ከታች ከቆዳ የሚመጣው መዳሰስ ብቻ ሳይሆን ከላይ ከአእምሮ የሚወርደው ፍርሃት፣ ተስፋና ትኩረት ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋልም። ትምህርቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ የታረመና የተሻሻለ ቢሆንም መሠረቱ ጸንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን አገር በሐምቡርግ የታተመ ምርመራ፣ ክንዳቸው ላይ የሚያም ሙቀት እየተሰማቸው ከባድ የማስታወስ ሥራ የተሰጣቸው ሰዎች ሕማሙ ቀለለን ማለታቸውን ብቻ ሳይሆን፣ በኅብለ ሰረሰራቸው ውስጥ የሚታየው የሕማም ምልክት ራሱ መቀነሱን በምስል አሳይቷል። ስለዚህ በጨዋታ የተያዘ ልጅ ሲረጋጋ ያየ ሰው «ልጁ ተታለለ» ቢል ይሳሳታል፤ ሕማሙ በእርግጥ አንሷል።

በመርፌ ጊዜ ስለሚደረግ የሥነ ልቡና እርዳታ 59 ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ግምገማም ልጆችን በሌላ ነገር ማጫወት ሕማምንና ጭንቀትን እንደሚያቃልል ደምድሟል፤ የማስረጃዎቹ ጥንካሬ ገና ብዙ የሚቀረው መሆኑን ሳይሸሽግ ነው። የሚጎዳው ነገር ኢምንት፣ ወጪውም ከምንም የማይቆጠር ስለ ሆነ ግን ማስረጃው እስኪጠናከር ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳዝነው ነውና ጥቂት እንድቆይበት ፍቀዱልኝ። ልጅ ሲያስቸግረን፣ አልተኛም ወይም አልበላም ሲል፣ «ዝም ካላልህ መርፌ አስወጋሃለሁ» የማይል ቤት ምን ያህል ይሆን? ቀድሞ የአያ ጅቦ የነበረውን ሥራ ለሐኪሙ ሰጥተነዋል። ልጁም ያምነናል፤ የእናትና የአባት ቃል ለእርሱ እንደ ወንጌል ነውና፣ መርፌ ለጥፋት የሚከፈል ቅጣት፣ ሐኪም ደግሞ ቅጣቱን የሚፈጽም ሰው መሆኑን ከአፋችን ሰምቶ በልቡ ያትመዋል። ከዚያ አንድ ቀን ትኩሳት ይይዘውና፣ ያው ልጅ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደዚያ ሲያስፈራሩት ወደ ኖሩት ቤት ይወሰዳል። በሩን ሲያልፍ የሚጮኸው ጩኸት ገና ያልተወጋው መርፌ ጩኸት ነው፤ መርፌውን አስቀድመን በቃላችን ወግተነዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ውሸት ነው። «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ተብሎ ከቤት የወጣ ልጅ ራሱን በክትባት ሰልፍ ላይ ሲያገኘው፣ «ምንም አይልህም፣ አያምምም» የተባለውም ልጅ ሲያመው፣ የሚቀበለው ሕማም አንድ፣ መከዳት ሁለት ይሆንበታል። ሐሳቡን በጨዋታ መያዝና ማታለል ሰማይና ምድር ናቸው፤ የመጀመሪያው ልጁ እያወቀ አብሮን የሚገባበት ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው በድንገት ከኋላ መምጣት ነው። ስለዚህ አራት ዓመት ያለፈው ልጅ ከመሄዱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚደረግለትና ለምን እንደ ሆነ፣ ጥቂት እንደሚያምና ቶሎ እንደሚያልፍ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው በጉልበት መያዝ ነው። ልጁን በጀርባው አስተኝቶ አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ራሱን ጠምዝዞ ሲይዘው፣ መርፌው ከሚያደርስበት ሕማም ይልቅ አቅም ማጣቱ ያስደነግጠዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ ማልቀስ ለሕፃን የተፈጥሮ ቋንቋው ነውና።

ስለ «አይዞህ» ግን የምናገረው በጥንቃቄ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ቃል ለታመመውም፣ ላዘነውም፣ ለተሰናከለውም የምንለግሰው የፍቅር ቃል ስለ ሆነ ማንም ይተውት ብሎ ሊያዝዝ አይችልም። ይሁን እንጂ በካናዳ በልጆችና በወላጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ወላጅ በመርፌው ሰዓት ማጽናኛውን ደጋግሞ ሲያወርድ ልጁ ከቃሉ ይልቅ የወላጁን ፍርሃት እንደሚሰማ አሳይተዋል። ፊቷ የተለወጠ እናት በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሰባትና ስምንት ጊዜ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አይዞህ» ስትል፣ ልጁ «እናቴን እንዲህ ያስፈራት ነገር ምን ያህል ክፉ ቢሆን ነው?» ብሎ ይደመድማል። እንግዲህ ቃሉን አንድ ጊዜ፣ በረጋ ድምፅ እንበለው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በክትባት ጊዜ ሕማምን ስለ መቀነስ ያወጣው ምክር ለእኛ አገር የተጻፈ ይመስላል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ልማድን መለወጥ ስለ ሆነ። እናት ወይም ሌላ አሳዳጊ ከልጁ ጋር ይሁን፤ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ታቅፎ፣ ከፍ ያለውም ልጅ ቁጭ ብሎ እንጂ ተጋድሞ አይወጋ፤ የሚጠባ ሕፃን በመርፌው ጊዜ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ጡት ይያዝ፤ በአንድ ቀን ብዙ ክትባት ቢኖር አብልጦ የሚያመው ወደ መጨረሻው ይደረግ፤ በአፍ የሚሰጠው ጣፋጭ የተቅማጥ ክትባት ግን ከመርፌው ይቅደም፤ መርፌው ከገባ በኋላ ደም መምጣቱን ለማየት ወደ ኋላ መሳብ ይቅር፤ ባለሙያው ይረጋ፣ ቃሉም የማያስደነግጥ ይሁን፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉት በአሻንጉሊት፣ በዘፈን ወይም በወሬ ይያዙ ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ከሺሺንዳ የጤና ኬላ አቅም በላይ የሆነው የትኛው ነው?

ሁሉም ልጅ ግን በአንድ ጨዋታ አይያዝም። ለጨቅላው የእናት ጡትና ገላ ይበቃዋል፤ ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱትን በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቀፍን ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ለሕይወታቸው ያለውን ጥቅም ያሳየ ሲሆን፣ ይኸው መታቀፍ ተረከዛቸው ለምርመራ ሲወጋ ሕማማቸውን እንደሚያቀልላቸው በሌሎች አገሮች ታይቷል። ጡት ባይገኝ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ጥቂት ስኳር ከመርፌው ሁለት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ በምላስ ላይ ጠብ ማድረግ ለአራስ ልጅ እንደሚረዳ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ የከፋን ሰው አስጠነቅቃለሁ፤ ማራችን የታወቀና የከበረ ቢሆንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በስኳሩ ምትክ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከባድ የነርቭ መመረዝ የሚያመጣ ተህዋስ ዘር በማር ውስጥ ሊገኝ ይችላልና። ለዳዴ ልጅ የቁልፍ ዘለላ፣ የሳሙና አረፋ፣ በእስትንፋስ ተነፍቶ ጣቶቹ እንደ ዶሮ ኩክኒ የቆሙለት የሐኪም ጓንት ያስደንቀዋል። ለአራትና ለአምስት ዓመቱ ተረት ነው፤ ተረቱም መርፌው ሲገባ ከሚያጓጓው ቦታ ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ እንቆቅልሽ ከሁሉ ይበልጣል እላለሁ፤ ይህንንም በዓይኔ ካየሁት ላስረዳ።

በአንድ ጤና ጣቢያ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ እግሯን የፈላ ጀበና ተገልብጦባት ፋሻዋ ሊቀየር መጥታ ነበር። ሲስተሯ የሕማም ማስታገሻውን ሽሮፕ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰጥታት ኖሮ፣ ልጅቱ በአያቷ ጭን ላይ እንዳለች ተጠግታ ተቀመጠችና ፋሻውን ሳትነካ አስቀድማ «እንቆቅልሽ!» አለቻት። ልጅቱ ዝም አለች። ደግማ «እንቆቅልሽ!» ስትላት፣ ልማድ ከፍርሃት በልጦ «ምን አውቅልሽ» የሚለው መልስ ከአፏ አመለጠ። መልሱ እንቁላል የሆነውን እንቆቅልሽ ስትጠይቃት፣ በአንድ እጇ ፋሻው በቁስሉ ላይ የደረቀበትን ቦታ በጨው ውኃ ታርሰው ነበር። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሳታውቀው ቀረች። «እንግዲያው አገር ስጪኝ» አለቻት፤ ልጅቱም «ሺሺንዳ» ብላ ሰጠቻት። «ሺሺንዳማ የራሴ ናት፣ ሌላ!» «ቦንጋ።» «ቦንጋም አይበቃኝም።» ልጅቱ አያቷን ቀና ብላ አይታ፣ አስባ፣ «ጅማን ውሰጂ» ስትል የታችኛው ጨርቅ ለቀቀ። ከዚያ ሲስተሯ እጇን አቁማ በግልጽ «አሁን የምነካው ቦታ ያማል፤ እስከ አምስት ቁጠሪልኝ፤ ተይ ካልሽኝ እጅሽን አንሺ፣ እተዋለሁ» አለቻት። ልጅቱ ሦስት ላይ ስትደርስ እጇን አነሣች፤ ሲስተሯም በእውነት ተወችላት። ጥቂት ተንፍሳ እንደገና ከአንድ ጀመረች፤ አለቀሰች፣ ግን አምስት አለች። አዲሱ ፋሻ ሲታሰር የመጨረሻውን እንቆቅልሽ የጠየቀችው ልጅቱ ነበረች፣ አገር የሰጠችውም ሲስተሯ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ጥበብ ነበረ። ሙሉ ልቡናን የሚጠይቅ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ የሚያውቀው፣ ተሸናፊውን እንኳ ሰጪ አድርጎ የሚያከብር ጨዋታ በአባቶቻችን ቤት እሳት ዳር ተዘጋጅቶ ቆይቶናል። የአገር ስም ሲፈለግ አእምሮ ከእግሩ ተነሥቶ መንገድ ይገባል። ከሁሉም የከበረው «ተይ ካልሽኝ እተዋለሁ» የሚለው ቃል ነው፤ ሥልጣን የተሰጠው ልጅ የሚታገሠው፣ ሥልጣን የተነሣው ልጅ ከሚታገሠው እጅግ ይበልጣልና።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። በዚህ አካባቢ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ የሚያስቡትና የሚያልሙት በካፊኖኖ ነው፤ ባለሙያው ግን ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ሊሆን ይችላል። በማያውቀው ቋንቋ የሚነገር ተረት ለፈራ ልጅ ሌላ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ጨዋታውን እናት ወይም አያት በካፊኖኖ ይምሩት፣ ባለሙያውም እጁን ይሥራ፤ ቢቻል ሰላምታውንና ቁጥሩን ተምሮ ይምጣ።

በሰፊው ዓለም ለዚህ ሥራ ብዙ ተደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1986 በኒው ዮርክ የሰርከስ አስቂኞች በሕፃናት ሆስፒታል ክፍሎች እየዞሩ ልጆችን የሚያጫውቱበት አገልግሎት ተጀምሯል። በሲያትል ከተማ ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች ቁስላቸው ሲታጠብ በዓይናቸው ላይ በሚታሰር መሣሪያ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየበረሩ የበረዶ ኳስ የሚወረውሩበት የምስል ዓለም ፈጥረው ሕማማቸውን ቀንሰውላቸዋል። መሣሪያው እስኪደርሰን ድረስ የከፋ ልጅ ድሃ አይደለም። እንዲህ ያለ የበረዶ ሸለቆ አላየም፤ ነገር ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ጥበቃ የመዘገበውን ደን ከደጁ ያውቀዋል። «ዓይንህን ጨፍንና ጉሬዛዋን ፈልግልኝ፤ የትኛው ዛፍ ላይ ናት? ልጇስ?» ብትሉት፣ ለዓይኑ የሚታሰር ነገር ሳያስፈልገው ወደዚያ ይገባል።

የጨዋታውን ወሰንም ልናውቅ ይገባል። የሕማም ማስታገሻ በሚገባበት ቦታ ጨዋታን በምትኩ ማቅረብ ግፍ ነው። የእሳት ቁስል የሚታጠብለት ልጅ በክብደቱ ልክ የተሰፈረ ፓራሲታሞል አስቀድሞ ሊሰጠው፣ ለከባዱም ሐኪም የሚያዝዘው ጠንካራ ማስታገሻ ሊፈለግለት ይገባል፤ የሚሰፋ ቁስል በሊዶካይን ከተወጋ በኋላ እስኪደነዝዝ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ግዴታ ነው፤ አጥንት ያለ ማደንዘዣ መጎተት የለበትም። ጨዋታው የመድኃኒቱ ረዳት ነው። ደግሞም ማየት የሚሻ ልጅ አለ፤ መርፌው ሲገባ ካልተመለከተ የሚብሰውን ልጅ ፊቱን በግድ ማዞር አይገባም፤ ያይ። ደክሞት ወይም ታምሞ መጫወት ያልፈለገውንም እናት አቅፋው ዝም ማለት ትችላለች።

መምህራን ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ብዙዎች ከሚያስቡት ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር መርፌው ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገብቷል። በሰልፍ ቆማ የፊተኛይቱን ጩኸት የምትሰማ ልጅ ተራዋ ሳይደርስ ጉልበቷ ይብረከረካል፤ አንዲት ራሷን ስታ ብትወድቅ ፍርሃቱ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። የሚወጉበት ክፍል ከሚጠባበቁበት ተለይቶ ይሁን፤ ጓደኛ ከጓደኛዋ ጋር ትግባ፤ ተቀምጣ ትወጋ፤ ከዚያም ወዲያው ሳትነሣ ጥቂት ትረፍ።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። የጤና ጣቢያው ኃላፊዎች ሆይ፣ በክትባት ክፍላችሁ ውስጥ እናት ልጇን ታቅፋ የምትቀመጥበት መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ይኑር፤ በቁስል ማጠቢያውም ክፍል ባለሙያው እጁን ሲሠራ ልጁን የሚያጫውት ሁለተኛ ሰው፣ አያትም ትሁን ዘበኛ፣ አይከልከል። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ከአያቶቻቸው የሰሟቸውን እንቆቅልሾች በካፊኖኖና በአማርኛ ጽፈው እንዲያመጡ አድርጉና ያንን ወረቀት በክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን በመርፌ ማስፈራራትን ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ተዉ፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስታመጧቸውም ወዴት እንደምትሄዱ ገና ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው።